ዲፕ ብሉ እና የኪስ ስልክ፦ ለቼዝ ሱፐር ኮምፒዩተር ያስፈልጋል?



ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ አንድ ስብሰባ ነው። አቃቂ ቃሊቲ በምንኖርበት ሠፈር የመስጂዱ የወጣቶች ጀማዓ ለቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ለመግዛት ለወራት መዋጮ ሲያሰባስብ ቆይቶ፣ ሰሞኑን ከዐስር ሶላት በኋላ ገንዘቡ ተቆጠረ። አልሐምዱሊላህ፣ ከተጠበቀው በላይ ነበር። ክርክሩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ገሚሱ «አንድ ይሁን፣ ግን ኃይለኛ ይሁን፤ ዘመኑ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ያገለገሉም ቢሆኑ ስምንት ይሁኑና ልጆቹ ወረፋ አይጠብቁ» አለ።

በመሐል አንድ የድሮ ተማሪዬ እጁን አወጣ። ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ቁልፍ በወለቀበት ላፕቶፕ የሀገራችንን ሰንጠረዥ የሚጫወት ፕሮግራም ሲጽፍ ያመሸ ነው። «ቲቸር፣ ካስፓሮቭን ያሸነፈው ማሽን እኮ አንድ ቶን ተኩል ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እኛ በዚህ ዓይነት ዕቃ የምንደክመው ለምንድን ነው? እኔስ ልተወው መሰለኝ» አለኝ።

እዚያው ላይ የሰጠሁት መልስ ራሴንም አላጠገበኝም። ጥያቄው ግን የአንድ ልጅ ብቻ አይመስለኝም። «ትልቅ ማሽን የሌለው ሰው በዚህ ዘርፍ ቦታ የለውም» የሚለው ሐሳብ ብዙ ወጣቶቻችንን ገና ሳይጀምሩ እያስቆማቸው ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

አንድ ቶን ከ400 ኪሎ

እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1997፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 3 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ኒውዮርክ ውስጥ የወቅቱ የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭ በአይቢኤም ኩባንያ ማሽን በዲፕ ብሉ ተሸነፈ። ውጤቱ 3.5 ለ 2.5 ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ፊላደልፊያ ላይ ካስፓሮቭ 4 ለ 2 አሸንፎት ስለነበር ይህኛው ለብዙዎች ድንጋጤ ሆነ። ካስፓሮቭ እንደገና እንጋጠም ብሎ ጠየቀ፤ ኩባንያው አልተቀበለም። ማሽኑ ተፈታ፤ ዛሬ ከሁለቱ ቁም ሳጥኖች አንዱ በዋሽንግተን፣ ሌላው በካሊፎርኒያ ሙዚየም ውስጥ ቆመዋል።

ዲፕ ብሉ 1.4 ቶን ይመዝን ነበር። በውስጡ 30 ፕሮሰሰሮች ነበሩት፤ እነዚህ እንኳን በጊዜው ከነበሩት ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ጋር ሲነጻጸሩ ብርቅ አልነበሩም። በዚያ ዓመት በወጣው የዓለም 500 ፈጣን ሱፐር ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ላይ የተቀመጠው 259ኛ ነው። ጉልበቱ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ፌንግ ሲዩንግ ሱ የተባለው መሐንዲስ ከመሪ ካምቤልና ከጆ ሆን ጋር ሆኖ ለቼዝ ብቻ የተሠሩ 480 ቺፖችን ሰካበት። ቺፑ የወታደሩን፣ የፈረሱን፣ የንጉሡን አካሄድ የሚያውቀው በሶፍትዌር ተነግሮት ሳይሆን በሽቦው አቀማመጥ ነው። ሁሉም ተደምረው በሰከንድ 200 ሚሊዮን የሚሆን የሰሌዳ አሰላለፍ ይመዝኑ ነበር።

አቃቂ ያደገ ሰው ልዩነቱን ቶርኖ ቤት ሄዶ ማየት ይችላል። የቶርኖ ባለሙያ ዛሬ ዘንግ ይቀርጻል፣ ነገ ጥርስ ያወጣል፣ ከነገ ወዲያ የተበላ ቡሎን ያድሳል። ማሽኑ አንድ ነው፤ የሚለወጠው የሰውየው ሐሳብ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ እያተመ የሚያወጣ ማሽን ግን የቶርኖው ባለሙያ አንዱን ሳይጨርስ መቶውን ይደረድራል። ችግሩ ነገ ሌላ ዕቃ ሲታዘዝ ነው። ዲፕ ብሉ የማተሚያው ወገን ነው፤ የልጁ ላፕቶፕ የቶርኖው።

«ቼዝ» የሚለውን ቃል ሲያዩ ቅር የሚላቸው አንባቢያን እንደሚኖሩ አውቃለሁ። የሸጥረንጅ ጉዳይ ዑለማዎች ከጥንት ጀምሮ የተለያዩበት ነው። የሐነፊ፣ የማሊኪና የሐንበሊ መዝሀብ ዑለማዎች አብዛኞቹ ከልክለውታል። በሻፊዒ መዝሀብ ቁማር ከሌለበትና ሶላትን ካላስረሳ መክሩህ እንጂ ሐራም እንዳልሆነ የተነገረው የታወቀ ነው። ከታቢዒዮች ሰዒድ ኢብኑ ጁበይር (ረሒመሁላህ) ሰሌዳውን ሳያዩ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይጫወቱ እንደነበር ተዘግቧል። ፈትዋ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ሥራ ስላልሆነ የፈለገ ሰው የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ። እዚህ የማወራው ስለ ማሽኑ ነው።

የስንዴው ሒሳብ

ኢብኑ ኸሊካን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፉትን የስንዴ ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተናል። የጨዋታው ፈጣሪ ንጉሡን «በመጀመሪያው ቤት 1 ፍሬ ስንዴ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ እንዲህ እያጠፍክ እስከ 64ኛው ስጠኝ» አለው። ንጉሡ ሳቀ። ድምሩ ግን 18,446,744,073,709,551,615 ፍሬ ነው፤ እህል በረንዳን አይደለም፣ የዓለምን ማሳ ሁሉ አጭዶ የሚሞላ አይደለም።

የቼዝ ማሽን ፈተናም ይኸው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፤ እዚህ የሚባዛው በ2 አይደለምና። በአንድ አሰላለፍ ላይ አንድ ተጫዋች በአማካይ 35 ገደማ የተፈቀዱ እርምጃዎች አሉት። እኔ አንድ፣ አንተ አንድ ስንሄድ 1,225 ዓይነት አሰላለፍ ይወጣል። ሁለት ሁለት ስንሄድ 1,500,625። አራት አራት ስንሄድ ከ2 ትሪሊዮን በላይ። እስከ ጨዋታው መጨረሻ ቆጥሮ የሚጨርስ ማሽን አልተሠራም፤ አይሠራምም።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በፍጥነት መቁጠር ነው። ሌላው የማያስፈልገውን አለመቁጠር ነው።

ሁለተኛውን በምሳሌ ላስረዳ። ተጋጣሚዬ በአንድ እርምጃ ግንቤን በነፃ እንደሚበላ ካየሁ፣ ያንን መንገድ ትቼ ሌላ እፈልጋለሁ፤ «ከግንቡ በተጨማሪ ፈረሴን ይበላ ይሆን?» እያልኩ አልደክምም። መንገዱ መጥፎ መሆኑ አንዴ ታውቋል። ዛፍ እንደሚመለምል ገበሬ ቅርንጫፉን ከሥሩ እቆርጠዋለሁ። ይህ ዘዴ በጥሩ ሁኔታ ሲሠራ የ35ቱ ማባዣ ወደ 6 ገደማ ይወርዳል፤ መልሱም ሁሉንም የቆጠረ ማሽን ከሚያገኘው አንድም አይለይም። ዲፕ ብሉም ይጠቀምበት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ፕሮግራሞች ግን «ተስፋ ያለው አይመስልም» የሚሉትን መንገድ በስሱ አይተው ማለፍን ተማሩ። ለዚህ ስሕተት ሊከፍሉ ይችላሉ፤ ግን በዚህ ዘዴ ማባዣው ዛሬ ወደ 2 ገደማ ወርዷል።

እዚህ ላይ እስክሪብቶ አንሡ። ዲፕ ብሉ በ3 ደቂቃ 36 ቢሊዮን አሰላለፍ ያያል። ማባዣው 6 ከሆነ ይህ ወደ 13 እርምጃ የሚጠጋ ጥልቀት ነው፤ ሠሪዎቹም በአማካይ 12 ገደማ እንደነበር ጽፈዋል። አሁን በሰከንድ 20,000 አሰላለፍ ብቻ የሚያይ ደካማ ዕቃ እንውሰድ። በ3 ደቂቃ 3.6 ሚሊዮን ይሆናል፤ ከዲፕ ብሉ አሥር ሺህ ጊዜ ያነሰ። ማባዣው 2 ከሆነ ግን ወደ 21 እርምጃ ይወርዳል። ስሌቱ ሻካራ ነው። ዲፕ ብሉ አደገኛ የመሰለውን መንገድ ከ12 አልፎ ይከተል ነበር፣ ደካማው ዕቃም በየመንገዱ የዘለለው አለ። ቢሆንም አሥር ሺህ እጥፍ ፍጥነትን ምን ሊበልጠው እንደሚችል ያሳያል። «አልጎሪዝም» የሚለው ቃል ከባግዳዱ የሒሳብ ሊቅ ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም የመጣ መሆኑን ለተማሪዎቼ ስነግር ደስ ይላቸው ነበር፤ ቃሉ የሚሠራውን ሥራ ማየት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል።

ከቤል እስከ አቡ ዳቢ

ወረቀት ላይ የሚሠራ ነገር ሜዳ ላይ ላይሠራ ይችላል። እስቲ ሜዳውን እንየው።

የልዩ ማሽኖች ታሪክ በዲፕ ብሉ አይጀምርም። ኬን ቶምፕሰንና ጆ ኮንደን በአሜሪካው ቤል ላብስ የሠሩት ቤል የተባለ ማሽን በሰከንድ 160,000 አሰላለፍ እያየ እ.ኤ.አ. በ1980 የኮምፒዩተሮች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1983 ደግሞ ከማሽኖች የመጀመሪያው ሆኖ የማስተርነት ማዕረግ አገኘ። በ1982 ቶምፕሰን ማሽኑን ይዞ ወደ ሞስኮ ሊሄድ ሲል የአሜሪካ ጉምሩክ «ይህ ለጠላት የማይሰጥ ቴክኖሎጂ ነው» ብሎ ያዘበት። ዕቃ ተይዞበት ወረቀት ይዞ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ያዝንለታል።

በዚያን ጊዜ የልዩ ማሽን የበላይነት አከራካሪ አልነበረም። የመጀመሪያው ስንጥቅ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ሆንግ ኮንግ ላይ ነው። በዓለም የኮምፒዩተር ሻምፒዮና ላይ ፍሪትዝ የተባለ፣ ሰው ገዝቶ ቤቱ በሚያስቀምጠው ዓይነት የፔንቲየም ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም የዲፕ ብሉን የሙከራ ማሽን አሸነፈና ዋንጫውን ወሰደ። አንድ ጨዋታ አንድ ጨዋታ ነው፤ ማሽኑም ገና ያላለቀ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ካስፓሮቭ ሲሸነፍ ሆንግ ኮንግን ያስታወሰ ሰው ጥቂት ነው።

ቀጣዩ ምዕራፍ ወደ ሙስሊሙ ዓለም ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2002 በባሕሬን ዋና ከተማ ማናማ የዓለም ሻምፒዮኑ ቭላድሚር ክራምኒክ ከዲፕ ፍሪትዝ ጋር 8 ጨዋታ ተጋጠመ። ፕሮግራሙ ስምንት የፔንቲየም ፕሮሰሰር ባሉት፣ ማንም ኩባንያ ገዝቶ ሊያስቀምጠው በሚችል ማሽን ላይ ነበር የሚሠራው። ለቼዝ የተሠራ አንድም ቺፕ አልነበረውም። ውጤቱ 4 ለ 4 አቻ ሆነ። በማግስቱ ዓመት ካስፓሮቭም ከዲፕ ጁኒየር ጋር 3 ለ 3 ወጣ።

በዚህ መሐል አቡ ዳቢ ውስጥ ፓል ግሩፕ የተባለ ድርጅት የልዩ ማሽኑን መንገድ ከወደቀበት አነሣው። የማሽኑ ስም ሃይድራ ነው፤ ዋና ሠሪው ኦስትሪያዊው ክሪሊ ዶኒንገር ነበር። ሃይድራ ብልህ ዘዴ ይዞ መጣ፦ ቺፖቹ ከተሠሩ በኋላም ውስጣዊ ሽቦአቸው በትእዛዝ ሊለወጥ የሚችል ዓይነት ነበሩ። የዲፕ ብሉ ቺፕ አንዴ ከተቀረጸ የተቀረጸ ነው። የሃይድራ ግን ጠዋት ስሕተት ከተገኘበት ማታ ይታረማል፤ በቶርኖውና በማተሚያው መካከል ያለ ነገር በሉት። እ.ኤ.አ. በጁን 2005 ለንደን ላይ ሃይድራ በወቅቱ ከዓለም ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ የነበረውን እንግሊዛዊውን ማይክል አዳምስን 5.5 ለ 0.5 አደቀቀው። ከስድስት ጨዋታ አዳምስ አንዱን ብቻ አቻ ወጣ። ሰው ከማሽን ጋር ባደረጋቸው ታላላቅ ግጥሚያዎች እስከዚያ ድረስ ይህን የመሰለ ሽንፈት አልታየም።

ነገር ግን ሃይድራ በድሉ ስድስት ወር እንኳን አልተደሰተም ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ቫሲክ ራይሊክ የተባለ አንድ ሰው ራይብካ የሚባል ፕሮግራም አወጣ። ራይብካ በተራ የቤት ኮምፒዩተር ላይ እየሠራ የሚወዳደሩትን ፕሮግራሞች ሁሉ በሰፊ ልዩነት ቀደመ። አሰላለፉን የሚመዝንበት ሚዛን የተሻለ ነበር። ሃይድራና ራይብካ ፊት ለፊት የለየላቸው ግጥሚያ ስላላደረጉ «ማን ይበልጥ ነበር?» የሚለው የቡና ላይ ወሬ ሆኖ ቀርቷል። የሃይድራ ሥራ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ። ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ለቼዝ ብቻ ቺፕ ማሠራት ትርፉ ምንድን ነው ማለት የጀመረው ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ጀርመን፣ ቦን ላይ ክራምኒክ እንደገና ከዲፕ ፍሪትዝ ጋር ተገናኘ። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ሁለት የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነበር፤ በሰከንድ 8 ሚሊዮን ገደማ ያያል፤ ከዲፕ ብሉ 25 ጊዜ ያነሰ። ዲፕ ፍሪትዝ 4 ለ 2 አሸነፈ። በሁለተኛው ጨዋታ ክራምኒክ በአንድ እርምጃ የሚመጣ ማት ሳያይ ቀረ፤ ይህንን ስሕተት የሠፈር ልጆችም ያዩታል እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራበታል። ከዚያ በኋላ በዓለም ሻምፒዮንና በማሽን መካከል ይህን ያህል ትልቅ ግጥሚያ አልተደረገም። ማንም አላስፈለገውም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ልጁ ሊሰማው የሚገባው ነገር ተፈጠረ። ቦነስ አይረስ ላይ በተደረገ ውድድር ፖኬት ፍሪትዝ የተባለ ፕሮግራም ኪስ ውስጥ በሚገባ የእጅ ስልክ ላይ ሆኖ ከ10 ጨዋታ 9.5 ነጥብ አገኘ። በውድድሩ ያሳየው ብቃት በነጥብ ሲሰላ 2898 ሆነ፤ የዓለም ሻምፒዮን ደረጃ ማለት ነው። ስልኩ በሰከንድ 20,000 አሰላለፍ እንኳን አያይም ነበር። ከላይ በስሌታችን የወሰድነው ደካማ ዕቃ ይኸው ነው። እርግጥ ነው፣ ተጋጣሚዎቹ ካስፓሮቭን አያክሉም፤ ስልኩ ከዲፕ ብሉ ጋር ተጋጥሞም አያውቅም። ግን 1.4 ቶን ከጀበና ማስቀመጫ ላይ ከሚረሳ ስልክ ጋር እየተነጻጸረ መሆኑን አንርሳ።

ትልቁ ማሽን ተመልሶ ሲመጣ

ጽሑፉን እዚህ ላይ ብጨርሰው ለልጁ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ግማሹን ደብቄ መናገር ይሆንብኛል።

ዲፕማይንድ የተባለው የጉግል ኩባንያ አልፋዜሮ የሚባል ሥርዓት ሠራ። ከጨዋታው ሕግ በቀር ምንም አልተነገረውም፤ ከራሱ ጋር እየተጫወተ ራሱን አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በተደረገው የ1,000 ጨዋታ ውጤት በጊዜው ኃይለኛ የነበረውን ስቶክፊሽን 155 ጊዜ አሸንፎ 6 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ የቀረው አቻ ነው። አልፋዜሮ በሰከንድ 60,000 ያያል፤ ስቶክፊሽ 60 ሚሊዮን። አሁንም ትንሽ የቆጠረው አሸነፈ ማለት ነው።

ነገር ግን ከመጋረጃው ጀርባ እንመልከት። አልፋዜሮ በተማረባቸው 9 ሰዓታት ከራሱ ጋር የሚጫወታቸውን ጨዋታዎች ለማመንጨት ብቻ ለዚህ ዓይነት ስሌት የተሠሩ 5,000 ልዩ ቺፖች ሠርተዋል። እነዚህ ቺፖች የቼዝን ሕግ አያውቁም፤ አንድ ዓይነት ማባዛትና መደመር ግን ከማንም በላይ ይችላሉ። ስለዚህ ልዩ ሃርድዌር ሞተ ያለ ሰው ተሳስቷል። ከመጫወቻው ወደ ማስተማሪያው ቦታ ቀየረ እንጂ አልሞተም። ዛሬ ቋንቋ የሚጽፉት፣ ሥዕል የሚሥሉት ሥርዓቶችም የሚሠለጥኑት በዚህ መንገድ ነው፤ «አንድ ኃይለኛ ይሁን» ያለው ወገን የሚፈራውም ይህንኑ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው።

ቀጥሎ የሆነው ግን ለእኛ ሰው እንግዳ ያልሆነ ነገር ነው። ገበሬ ብቻውን የማይጨርሰውን አጨዳ ደቦ ጠርቶ ይጨርሳል። አልፋዜሮ ከተሰማ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ሊላ ቼስ ዜሮ የሚባል ሥራ ተጀመረ። 5,000 ልዩ ቺፕ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው በቤታቸው ያለውን ኮምፒዩተር ማታ ማታ ለዚህ ሥራ እየተዉ በአንድነት ያንን ዕውቀት ደግመው አመረቱት። ስቶክፊሽም የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ፕሮግራሙ ክፍት ነው፣ ማንም ያነበዋል፣ ማንም ማሻሻያ ያቀርባል፤ ማሻሻያው የሚፈተነው በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮች ላይ በሚደረጉ እጅግ ብዙ ጨዋታዎች ነው።

በ2020 ስቶክፊሽ ከጃፓኑ የሾጊ ጨዋታ ፕሮግራሞች አንድ ሐሳብ ወሰደ፦ የሠለጠነ ትንሽ ኔትዎርክ፣ በተራ ፕሮሰሰር ላይ በፍጥነት የሚሮጥ። ሐሳቡ የዩ ናሱ የተባለ ጃፓናዊ ነው። ከዚያ ኔትዎርኩ ሊላ ባመረተችው መረጃ እየሠለጠነ ሄደ። የሥልጠናውን ሸክም ብዙ ማሽኖች ተሸከሙት፤ ውጤቱ ግን በስልክ ላይ በነፃ የሚወርድ ነገር ሆነ። ካስፓሮቭን ያሸነፈውን ማሽን ዛሬ በቃሊቲ መናኸሪያ መኪና የሚጠብቅ ወጣት በእጁ ካለው ዕቃ ጋር ቢያጋጥሙት በወጣቱ ስልክ ላይ እንጂ በማሽኑ ላይ የምወራረድ አይመስለኝም፤ ውርርድ ራሱ ሐራም መሆኑ እንዳለ ሆኖ።

ሱፐር ኮምፒዩተር ግን ሥራ አጥቷል ማለት አይደለም። የአየር ጠባይ ትንበያ፣ የመድኃኒት ምርምር፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ቅርንጫፉን መልምለህ የምታልፈው ዓይነት ስሌት አይደለም፤ የእያንዳንዱን ቦታ ቁጥር መያዝ አለብህ። እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ አቅም ያለውን ኮምፒዩቲንግና የትልልቅ መረጃዎችን ትንተና ከልህቀት ማዕከሎቹ እንደ አንዱ ይዞታል፤ ቦታው ነው። የመስጂድ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ግን ሌላ ነው።

ዲፕ ብሉ ሰንጠረዥ አይችልም

አሁን ወደ ልጁ ፕሮግራም ልመለስ።

የሀገራችን ሰንጠረዥ የዐረቡ ሸጥረንጅ ልጅ ነው። ስሙ ይናገራል፤ የምስሎቹም ስም ይናገራል፦ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርር፣ መደቅ። ፊል ማለት ዝሆን መሆኑን ሱረቱል ፊልን የቀራ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ያሳተሙት ጥናት ልጁ የተነሣበት ዋና ምንጭ ነው። በዛሬው ቼዝ ንግሥቲቱ የፈለገችበት ትሄዳለች፤ በሰንጠረዥ በእርሷ ቦታ ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። በፈረስ ወይም በደርር ብቻ ማት ማድረግም ብዙ አያስከብርም ነበር፤ በፊል ያሸነፈ ይመሰገናል። ይህን ዓይነት ክብር ለማሽን ማስተማር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ዲፕ ብሉን ዛሬ ከሙዚየም አውጥተን «ፈርዝ እንዲህ ነው የሚሄደው» ብንለው አይሰማንም። የንግሥቲቱ አካሄድ ቺፑ ውስጥ ተቀርጿል፤ 480ውን ቺፕ ጥሎ ሌላ ማሠራት ነው። በላፕቶፕ ላይ ግን ጥቂት መስመር መለወጥ ይበቃል። ልጁ ይህን በአንድ ምሽት ነው የጨረሰው። ክፍት ከሆነው ከስቶክፊሽ ተነሥተው ሌሎች ሰዎች የሠሩት ፌሪ-ስቶክፊሽ የሚባል ፕሮግራም ጥንታዊውን ሸጥረንጅ ይጫወታል፤ እርሱን አንብቦ ብዙ ተምሯል።

የአስ-ሱሊን ነገር የነገርኩትም ያኔ ነው። አቡበክር አስ-ሱሊ በዐባሳውያን ኸሊፋ በአል-ሙክተፊ ዘመን የባግዳድ የሸጥረንጅ ቁንጮ ነበሩ። ትተውት ያለፉት አንድ እንቆቅልሽ አለ፤ በሰሌዳው ላይ ሁለት ንጉሥና ሁለት ፈርዝ፣ በድምሩ 4 ምስል ብቻ ነው ያለው። ሺህ ዓመት ያህል ፈቺ አጣና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሶቪየቱ ግራንድማስተር ዩሪ አቬርባክ በጭንቅላቱ ፈታው። 4 ምስሎችን በ64 ቤት ላይ ማስቀመጥ የሚቻልበት መንገድ ቢበዛ 16,777,216 ነው። ልጁ ይህን ቁጥር በስልኩ አባዝቶ ሲያገኝ ዝም አለ። ቁልፍ የወለቀበት ላፕቶፕ ሁሉንም አንድ በአንድ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሊመዝን ይችላል፤ ሻይ እስኪፈላ።

የጀማዓው ውሳኔ ገና ነው፤ ኢንሻአላህ የፊታችን ጁሙዓ እንሰበሰባለን። የእኔ ድምፅ ለብዙዎቹ ተራ ኮምፒዩተሮች ነው፤ ከሚተርፈው ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪና ኢንተርኔት ይገዛ እላለሁ። ከባድ ሥልጠና የሚያስፈልገው ሥራ የመጣ ቀን የሌሎችን ደቦ መቀላቀል ይቻላል። የማይስማሙ ወንድሞች ምክንያታቸውን ይዘው ይምጡ፤ እሰማለሁ።

ልጁ ሥራውን አልተወም። አሁን የያዘው ችግር ወረራው ነው። ለማያውቁ፣ የሰንጠረዥ ጨዋታ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ወገን እየተያዩ በፈለጉት ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ወረራ ይባላል። መቼ እንደሚያበቃ እርግጠኛ ለመሆን፣ አባታቸው ሲጫወቱ ልጅ ሆነው ያዩ አንድ የሠፈራችን ሐጂ ዘንድ ሄዶ ጠየቃቸው። «የመጀመሪያው ምስል ሲበላ ነው፣ ልጄ፤ ከዚያ በኋላ በተራ ነው» አሉት። ቤቱ ሄዶ ጻፈው። ሐጂን አስቀምጦ ሲሞክረው ግን ሐጂ አንዱን መደቅ አንሥተው ሳያስቀምጡ ላፕቶፑ ሠራዊቱን ሁሉ አሰልፎ ጨርሶ ይጠብቃቸዋል። ሐጂም «ይሄ ልጅ ጨዋታ አያውቅም» ብለው ተነሡ።

አሁን ማታ ማታ የሚያስጨንቀው ማሽኑን እንዴት ዝግ እንደሚያደርገው ነው።